ሻኛና ታይት ኤንድ

ጥቅምት 1 ቀን 2015፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ። አራት ኪሎ፣ አልጋዬ ውስጥ እንዳለሁ አንድ አይኔን ገልጬ ስልኬን ሳየው የአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ ላይ (እውነተኛ ተጫዋች መርጠህ እነሱ ሜዳ ላይ በሚሰሩት ነጥብ የምትሰበስብበት ጨዋታ ነው) ማታ ትቼው የተኛሁት የ29 ነጥብ ብልጫ የለም። ሙልጭ። ማታ እኮ ነገሩ አልቆ ነበር፣ የኔ ልጆች በሙሉ እሁድ ተጫውተው ጨርሰዋል፣ ተጋጣሚዬ የአክስቴ ልጅ የቀረው አንድ ሰውዬ ብቻ ነው፣ እሱም ታይት ኤንድ፣ አንዳንዴ ተከላካይ የሚገፋ አንዳንዴ ኳስ የሚይዝ ተጫዋች። አንድ ታይት ኤንድ በአንድ ሌሊት 29 ነጥብ ያመጣል ብሎ ማን ያስባል? እኔማ «በቃ ወንድሜ፣ ለሳምንት ያብቃህ» ብዬ ፅፌለት ነው ለጥ ያልኩት። ጠዋት የጠበቀኝ ቮይስ ነው። ቃል የለበትም፣ ሳቅ ብቻ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሳል።

ሰውዬው የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ትራቪስ ኬልሲ ነው። የዛን ሌሊት ከሬደርስ ጋር ሲጫወቱ 7 ኳስ ያዘ፣ 25 ያርድ አስቆጠረ፣ 4 ታችዳውን አገባ (ኳሱን የተጋጣሚው ሜዳ ጫፍ ውስጥ ማስገባት ማለት ነው)። 25 ያርድ ማለት 23 ሜትር ገደማ ነው፣ ከግቢያችን በር ተነስተህ ማዞሪያው ላይ ያለችው ሱቅ ጋ እንኳን አያደርስህም። ግን አራቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ አራቴ ለቀም። በኛ ሊግ ለተያዘ ኳስ 1 ነጥብ፣ ለ10 ያርድ 1 ነጥብ፣ ለታችዳውን 6 ነጥብ ነው፣ ስለዚህ 7 ሲደመር 2.5 ሲደመር 24፣ በድምሩ 33.5። በ4.5 ነጥብ ተሸነፍኩ። ቺፍሶቹ ራሳቸው 17 ለ 0 ተበልጠው ቆይተው 30 ለ 29 ነው ያሸነፉት፣ ጨዋታው ቆንጆ ነበር አሉ፣ እኔ ግን እስካሁን ሃይላይቱን አላየሁትም፣ አላይም።

ይሄን ሁሉ የማወራው ሰሞኑን ከምሳ በኋላ ቡና የምንጠጣባት ቤት ልጆቹ «ይሄ ታይት ኤንድ ምናምን የምትለው ምንድነው» ብለው ስለያዙኝ ነው፣ ሁለት ቃል ሳልናገር ወሬው ወደ አርሰናል ሄደ፣ ስለዚህ እዚህ ልፃፈው። (የአሜሪካኑን ሲዝን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትምታቱ።)

እንዴት እንደገባሁ ላስረዳ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ ከሐበሻ ጓደኞቹ ጋር የአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ ሊግ አላቸው፣ 12 ሰው። በ2014 ክረምት አንዱ አግብቶ «ሚስቴ አልፈቀደችም» ብሎ ወጣና ሰው ጎደላቸው፣ «አንተ የፕሪምየር ሊጉን ፋንታሲ ትችልበት የለ፣ ግባ» አለኝ። እኔም ያው ኳስ ኳስ ነው ብዬ ገባሁ። የድራፍቱ፣ ማለትም የተጫዋች መምረጫው፣ ተራ እንደ ዕቁብ በዕጣ ነው የወጣው፣ ለኔ 11ኛ ለሱ 12ኛ ደረሰ። ድራፍቱ እዛ ቅዳሜ ማታ ነው፣ እዚህ እሁድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከቤተክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ማህሌት እየተሰማ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስልክ ላይ ስም እየጠቆምኩ... ሦስተኛው ዙር ላይ መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ፣ በዳታ ነው የጨረስኩት። እናቴ በሩን ከፍታ አይታኝ «የምትፀልይ መስሎኝ» ብላ ሄደች።

አሁን ለፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ ሰዎች ዋናው ልዩነት እዚህ ጋ ነው። እዛ 100 ሚሊዮን ይሰጥሀል፣ ሳላህን ከፈለግክ ትገዛዋለህ፣ እኔም እገዛዋለሁ፣ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ይገዛዋል፣ ሳላህ ሦስት ሲያገባ ሁላችንም አብረን ነው ወደ ላይ የምንወጣው። በድራፍት ግን አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ነው። አንተ ከወሰድከው ለሌላው አለቀ። 12 ሰው በተራ አንድ አንድ ይመርጣል፣ ዙሩ ሲያልቅ ከመጨረሻው ሰው ይጀምርና ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ 12ኛው የአክስቴ ልጅ 12ኛውንና 13ኛውን ተጫዋች አከታትሎ ወሰደ፣ እኔ ደግሞ 11ኛውንና 14ኛውን።

13ኛው ላይ ኬልሲን ወሰደ። እኔ ሳቅኩበት። ስለ ታይት ኤንድ ያነበብኩት አንድ ነገር ቢኖር ግማሽ ጊዜውን ሰው ሲገፋ የሚውል ፈርጣማ ሰውዬ እንደሆነ ነው፣ ገና በሁለተኛው ዙር እንዲህ አይነት ሰው? በደስታ 14ኛው ላይ የቡፋሎውን ስቴፎን ዲግስን አፈፍ አደረግኩ፣ ዋይድ ሪሲቨር፣ ፈጣን፣ ኳስ የሚዘንብለት። ጥሩ ምርጫ ነበር ደግሞ! ዲግስ በዛ ሲዝን 108 ኳስ ይዞ 1,429 ያርድ ሄዶ 11 ታችዳውን አገባ። ደምረው፣ 316.9 ነጥብ። ኬልሲ 110 ኳስ፣ 1,338 ያርድ፣ 12 ታችዳውን። 315.8።

እኩል ናቸው! እንደውም የኔው በ1 ነጥብ ይበልጣል። ግን የአክስቴ ልጅ ገንዘቡን በላ፣ እኔ 9ኛ ወጣሁ። ክረምቱን በሙሉ ይሄ ነገር ሲበላኝ ነበር፣ እኩል ነጥብ ያመጡ ሰዎች እንዴት እኩል አይጠቅሙም?

የገባኝ ስጋ ቤት ነው። ቀልድ አይደለም። ለፋሲካ ሰፈር ውስጥ ቅርጫ ገብተን ነበር፣ በሬው ታርዶ፣ ስጋው ሸራ ላይ በየመደቡ እየተከፈለ፣ ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን አይናችንን ከሻኛው አናነሳም። ጎድኑ ይበቃል፣ ዳቢቱ ይበቃል፣ ወርቹ ይበቃል፣ ሽንጡም ለሁሉም ይደርሳል፣ ያንዱ ካንዱ ትንሽ ቢሻል ነው። ሻኛ ግን ባንድ በሬ ላይ አንድ ነው። ለዛ ነው መዳቢው ሽማግሌ ሌላውን በአይኑ እየገመተ ሲጥለው ሻኛውን ግን እንደ ወርቅ በቢላ ጫፍ እየለካ ለያንዳንዱ መደብ ትንሽ ትንሽ ያደረሰው። አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ እቺ መደብ ሻኛዋ አንሳለች» አለ፣ ጋሼም ቀና ሳይሉ «ዕጣ ሲወጣልህ ታለቅሳለህ፣ አሁን ዝም በል» አሉት።

እዛ ቆሜ ነው የበራልኝ፣ ድራፍት ማለት ሻኛው የማይከፋፈልበት ቅርጫ ነው። አንዱ ሙሉውን አንስቶ ይሄዳል፣ የቀሩት 11 ሰዎች ከጎድን ጎድን ያማርጣሉ። ዋይድ ሪሲቨር ጎድን ነው፣ ብዙ ነው። ዲግስ ምርጥ ጎድን ነበር፣ ግን ከኛ ብዙ ዙር ቆይተው የተወሰዱት እነ ታይለር ሎኬት 84 ኳስ፣ 1,033 ያርድ፣ 9 ታችዳውን አመጡ፣ ያ ማለት 241 ነጥብ ነው። ቴሪ ማክሎሪን 226። ማይክ ኢቫንስ 225። ስለዚህ ዲግስን ይዤ ሎኬትን ወይ ኢቫንስን የያዘውን ሰው የምበልጠው ከ75 እስከ 90 ነጥብ አካባቢ ነው። ጥሩ ነው፣ ትልቅ ነው።

የታይት ኤንዱን ተመልከት አሁን። በዛው ሲዝን የራምሱ ታይለር ሂግቢ 72 ኳስ፣ 620 ያርድ፣ 3 ታችዳውን፣ 152 ነጥብ። የስቲለርሱ ፓት ፍራይርሙት 63 ኳስ፣ 732 ያርድ፣ 2 ታችዳውን፣ 148.2። የቤርሱ ኮል ክሜት 50 ኳስ፣ 544 ያርድ፣ 7 ታችዳውን፣ 146.4። ሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ ሦስት የተለያየ ቡድን፣ አንዱ ኳስ ያበዛል አንዱ ያርድ አንዱ ታችዳውን፣ መጨረሻ ላይ ግን ከላይኛው እስከ ታችኛው 6 ነጥብ አይሞላም፣ ለሙሉ ሲዝን! በሳምንት ሲካፈል ግማሽ ነጥብ እንኳን አይደርስም። ኬልሲ ደግሞ ከነዚህ በ160 ምናምን ይበልጣል። ሁለተኛ የወጣው ታይት ኤንድ ቲጄ ሆከንሰን ራሱ 86 ኳስ፣ 914 ያርድ፣ 6 ታችዳውን ይዞ 213 አካባቢ ነው፣ ማለትም በአንደኛውና በሁለተኛው መሃል ወደ 100 ነጥብ ገደል አለ። የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ ጨዋታ ሳይጀመር በአንድ ወንበር ብቻ 6 ነጥብ ገደማ መርቶኝ ነበር የሚጀምረው፣ ያውም ሁለተኛውን ሰው ይዤ ቢሆን። እኔ ግን ሁለተኛውንም አልያዝኩም፣ የያዝኩትን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፣ ያማል።

እና የታይት ኤንድ ዋጋ እሱ ራሱ ያመጣው ነጥብ አይደለም፣ እሱ ባመጣውና ጎረቤትህ በዛው ወንበር ባመጣው መሃል ያለው ርቀት ነው። ይሄ ለሁሉም ቦታ ይሰራል ካላችሁ ልክ ናችሁ፣ ይሰራል፣ ግን ታይት ኤንድ ላይ ነው ርቀቱ የሚያብደው። አንድ የፋንታሲ ቡድን በሳምንት ሁለት ሦስት ዋይድ ሪሲቨር ነው የሚያሰልፈው፣ ታይት ኤንድ ግን አንድ ብቻ፣ እና ያንን አንድ በደንብ የሚሞሉት ሰዎች በአለም ላይ በእጅ ጣት ይቆጠራሉ።

ለምን ትንሽ ሆኑ? ስራው ሁለት ስለሆነ ነው። ታይት ኤንድ የሚቆመው ከአጥቂው መስመር ጫፍ፣ ከነዛ 140 ኪሎ ከሚመዝኑ ግድግዳዎች ጎን ነው። አንዳንዴ ግድግዳ ነው፣ ተከላካይ ይገፋል፣ ኳስ ተሸክሞ ለሚሮጠው፣ ለራኒንግ ባኩ መንገድ ይከፍታል። አንዳንዴ ደግሞ ተነስቶ ይሮጣል፣ ኳስ ይይዛል። ሲገፋ ዋለ ማለት ለቡድኑ ጥሩ ሰርቷል፣ አሰልጣኙ ትከሻውን ይመታዋል፣ ላንተ ግን ዜሮ ነው። ለመግፋት ነጥብ የለም። ስለዚህ እኛ የምንፈልገው እውነተኛውን ታይት ኤንድ ሳይሆን ስሙ ብቻ ታይት ኤንድ የሆነውን ሰው ነው።

የፕሪምየር ሊጉ ሰዎች ይሄን በደንብ ታውቁታላችሁ። 2019/20 ላይ ሉንድስትራምን አስታውሱት! የሼፊልዱ፣ በ4 ሚሊዮን፣ ዲፈንደር ተብሎ ተመዝግቦ አማካይ ሆኖ የሚጫወተው። ጎል ሲያገባ የዲፈንደር 6 ነጥብ፣ ቡድኑ ጎል ሳይገባበት ሲወጣ 4 ነጥብ፣ አገር በሙሉ ይዞት ነበር። ምርጥ ታይት ኤንድ ማለት የአሜሪካ ሉንድስትራም ነው፣ በአንድ ስም ተመዝግቦ የሌላ ሰው ስራ የሚሰራ።

ደግሞ ይሄ ክርክር አንዴ በእውነተኛ ገንዘብ ተከራክረውበታል። ጂሚ ግራሃም የሚባል የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ልጅ ነበር፣ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት የነበረ ረጅም፣ 2013 ላይ 16 ታችዳውን አገባ። ቡድኑ በ2014 የአንድ አመት ታግ (ተጫዋቹን በተወሰነ ደሞዝ ለአንድ አመት ማስቀሪያ) ሲያደርግበት «ታይት ኤንድ» ብሎ መዘገበው፣ ያ ማለት 7 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። እሱ ደግሞ ከግማሽ በላይ ጊዜዬን የምቆመው ከመስመሩ ርቄ ነው፣ ስለዚህ ዋይድ ሪሲቨር ነኝ አለ፣ ያ 12 ሚሊዮን ይበልጣል። ነገሩ ዳኛ ጋ ደረሰ። ዳኛው ከታክሉ፣ ከመስመሩ ጫፍ ግድግዳ፣ በ4 ያርድ ርቀት ውስጥ ከቆመ ታይት ኤንድ ነው ብሎ ፈረደበት፣ በዛ ላይ ትዊተርህ ላይ ራስህን ታይት ኤንድ ብለህ የለ እንዴ የሚል ነገርም ፍርዱ ውስጥ ገብቷል። ባዮውን በጊዜው ቢያስተካክል ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ለፋንታሲ ሰዎች ግን ያ ፍርድ ሰርግ ነው፣ የሪሲቨር ስራ ይሰራል፣ በታይት ኤንድ ወንበር ይቀመጣል።

ከሱ የባሰም አለ። እኔ በኬልሲ በተቃጠልኩበት በዛው ሳምንት ቴይሰም ሂል የሚባል፣ በሙያው ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪው) የነበረ፣ ፋንታሲው ላይ ግን ታይት ኤንድ ተብሎ የተመዘገበ ሰውዬ ኳሱን ተሸክሞ 112 ያርድ ሮጦ 3 ታችዳውን ራሱ አገባ፣ አንድ ደግሞ ወርውሮ አስገባ። በሊጋችን አንድ ልጅ ይዞት ሳያሰልፈው ተጠባባቂ አድርጎት ነበር። ግሩፑ ላይ ለሁለት ቀን ድምፁ ጠፋ።

እሺ፣ የኔ ታይት ኤንድ። ካይል ፒትስ። በሦስተኛው ዙር፣ 35ኛው ላይ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል። አትሳቁ። ፒትስ በ2021 ድራፍት ከመላው አሜሪካ 4ኛ ተመርጦ አትላንታ የገባ ልጅ ነው፣ በመጀመሪያ አመቱ 1,026 ያርድ ሄደ፣ ለጀማሪ ታይት ኤንድ 1,000 ማለፍ ከእሱ በፊት የተደረገው በ1961 በማይክ ዲትካ ነው። ቁመት አለው፣ ፍጥነት አለው፣ ቪዲዮውን ስታየው አንበሳ ነው። አንድ ነገር ብቻ ሳላይ ቀረሁ፣ በዛ ሁሉ ያርድ ያገባው ታችዳውን 1 ነው። አንድ። ያቺንም ለንደን ሄደው ሲጫወቱ ነው ያገባት፣ አገሩ ላይ ምንም።

በ2022 ምን አደረገ፣ 10 ጨዋታ ተጫውቶ 59 ጊዜ ኳስ ተወረወረለት፣ 28 ያዘ፣ 356 ያርድ፣ 2 ታችዳውን፣ ከዛ ጉልበቱ። 75.6 ነጥብ። ያቺ ማክሰኞ የተቃጠልኩበት ሳምንት ላይ ደግሞ ጭራሽ ተጎድቶ አልተጫወተም፣ ከዌቨር፣ ማንም ካልያዛቸው ተጫዋቾች፣ ያነሳሁት ምትክ 3 ነጥብ ይዞልኝ ገባ። ያ ምትክ 8 ቢያመጣ አሸንፌ ነበር!

ፒትስ ችሎታ አጥቶ አይደለም እኮ። አትላንታ በዛ አመት መሮጥ ነበር ስራቸው፣ ኳስ የማይወረውር ቡድን ውስጥ ኳስ የሚይዝ ሰው መያዝ ማለት ዝናብ በሌለበት አገር ጃንጥላ መነገድ ነው። ኬልሲ ጋ ሂድ፣ በዛው 2022 ታይሪክ ሂል ወደ ማያሚ ተሽጦ ሄዷል፣ ኳርተርባካቸው ማሆምስ ኳሱን ለማን ይወርውር? ለኬልሲ፣ 152 ጊዜ። ስለዚህ አሁን አሁን ታይት ኤንድ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ልጁን አይደለም፣ ጎረቤቶቹን ነው። በራሱ ቡድን ውስጥ ኳስ ሲወረወር አንደኛ ወይም ሁለተኛ ተፈላጊ ነው ወይ? ካልሆነ ቁመቱ ምን ያደርግልኛል፣ መብራት ልስቀልበት ነው?

የ2024ን ሁለት ልጆች እዩ። የሬደርሱ ብሮክ ባወርስ፣ ጀማሪ ነው፣ የቡድኑ ኳርተርባኮች እየተቀያየሩ፣ ቡድኑ እየተሸነፈ፣ ግን 153 ጊዜ ተወረወረለት፣ 112 ያዘ። ታይት ኤንድ ይቅርና የትኛውም ጀማሪ በአንድ ሲዝን እንደዛ ይዞ አያውቅም ነበር። እስከዛ ድረስ ደግሞ ህጉ «ጀማሪ ታይት ኤንድ አትንካ» ነበር፣ መግፋቱንም መሮጡንም እስኪማር ሁለት ሦስት አመት ይፈልጋል ይሉሃል፣ ከዛ 2023 ላይ የዲትሮይቱ ሳም ላፖርታ ገና ሲገባ 10 ታችዳውን አገባና ህጉን ሰበረው፣ ባወርስ ደግሞ ቀበረው።

ሁለተኛው የአሪዞናው ትሬይ ማክብራይድ ነው፣ እሱን እኔ ነበርኩ የያዝኩት፣ እና ጨጓራዬን የላጠው ልጅ ነው። 111 ኳስ ያዘ፣ 1,146 ያርድ። በአየር የተወረወረለትን ኳስ ይዞ ታችዳውን ያገባው ግን መጀመሪያ መቼ ነው? በታህሳስ መጨረሻ! ሲዝኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። በየሳምንቱ እሁድ ማታ ስልኬን አያለሁ፣ ያዘ፣ ያዘ፣ ያዘ፣ አንድ ያርድ ላይ ወደቀ፣ ለሌላ ሰው ሰጡት። የአክስቴ ልጅ «ልጅህን ጠበል ውሰደው» ይለኛል። ግን ልብ በሉ፣ ያለ ታችዳውን እንኳን ከሁለት ሰው በስተቀር ማንም ታይት ኤንድ አልጠቀመም እንደሱ። ታችዳውን እንደ ዝናብ ነው፣ አንድ አመት ይመጣል አንድ አመት ይቀራል፣ የሚወረወርለት ኳስ ብዛት ግን እንደ ደሞዝ ነው፣ ትንሽም ብትሆን በየወሩ ትገባለች። እኔ ደሞዙን ነው የምገዛው።

የኬልሲ ነገር ራሱ መልሶ አስተማረን ደግሞ። 2024 ላይ 97 ኳስ ያዘ፣ ብዙ ነው፣ ግን 823 ያርድና 3 ታችዳውን ብቻ። እድሜ ነው። የአክስቴ ልጅ በፍቅር ታውሮ በዛም አመት በጊዜ ወሰደው፣ ሻኛ ነው ብሎ ያነሳው ወርች ሆኖ ተገኘ፣ እኔም በተራዬ ሳቅ ብቻ ያለበት ቮይስ ላክሁለት። ጥሩ አመት ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን በሊጋችን እስካሁን እንጣላለን። አንዱ ልጅ ሁለቴ ያሸነፈ ነው፣ ታይት ኤንድ በመጨረሻው ዙር ነው የሚወስደው፣ በየሳምንቱ ከዌቨር ደካማ ተከላካይ የሚገጥመውን እያነሳ ይጥላል። «ሁለተኛውን ዙር ለታይት ኤንድ ከሰጠህ ራኒንግ ባክህ ማን ሊሆን ነው» ይላል። እውነት አለው። ሻኛ ወስደህ ሌላው መደብህ አጥንት ብቻ ከሆነ ምን ዋጋ አለው። እኔ የምለው ወይ ከላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ውሰድ፣ ወይ እንደሱ መጨረሻ ድረስ ቆይ፣ መሃሉ ነው ሰው የሚያደኸየው። በስድስተኛው ዙር «ጥሩ ስም ነው» ብለህ የምታነሳው ታይት ኤንድ መጨረሻ ላይ ከሚነሳው ጋር ልዩነቱ የሂግቢና የክሜት ልዩነት ነው፣ አንተ ግን በዛ ዙር አንድ ሎኬት አሳልፈሀል። የኔ ፒትስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፣ የላይኞቹን ዋጋ ከፍዬ የታችኞቹንም ያህል ያላመጣ።

ሊጉ ለታይት ኤንድ ካች 1.5 ነጥብ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ያኔ ባወርስን በመጀመሪያው ዙር ብትወስድም አልስቅብህም። የኛ 1 ነው።

የዘንድሮው ዕጣ ባለፈው ሳምንት ወጣ፣ ለኔ 6ኛ፣ ለአክስቴ ልጅ 7ኛ። ዙሩ ሲመለስ አስሉት፣ ሁለተኛው ዙር ላይ 18ኛው እሱ ነው፣ 19ኛው እኔ። ባወርስ እዛ አካባቢ ይደርሳል ብዬ ነበር ክረምቱን በሙሉ ያሰላሁት። የአክስቴ ልጅ እንደገና ከፊቴ ተገትሯል፣ አንድ ቦታ ብቻ ቀድሞ፣ ልክ እንደዛን ጊዜው። ትናንት ማታ ዝናቡ እየጣለ ደውሎ ስለ እናቱ መድሃኒት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አዲስ አበባ ብርድ ሲያወራኝ ቆየና እንደ ዋዛ «እኔ የምልህ፣ ዘንድሮ ታይት ኤንድ በጊዜ ነው የምትወስደው?» አለኝ።

«ምን ታይት ኤንድ አለ ባክህ፣ መጨረሻ ላይ የተገኘውን አነሳለሁ» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እኔም እንደዛ ነው ያሰብኩት» አለ።

ድራፍቱ ቅዳሜ ነው፣ እስከዛ ይሄን ፖስት የምታውቁት ልጆች እንዳትልኩለት።